ለ9 ዲግሪ ሰማይ የሚሆን ማውንት፦ ከአዲስ አበባ ዳር ሆነው ኮከብ ለሚያዩ

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ናት። ኮከብ ለሚያይ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሙሉ በሙሉ ባይሆንም የአዲስ አበባን መብራት ተራራው ይከልልልናል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ከግቢ ወጥቶ ቀና ማለት ይበቃል። ፍኖተ ሐሊብ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ይታያል።

ቴሌስኮፕ ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች አንዳንዴ ይደውሉልኛል፤ ከሰንዳፋ፣ ከሆለታ፣ ከሰበታ። የሚጠይቁኝ ሁሌም አንድ ነው፦ «መስታወቱ ስንት ሚሊ ይሁን?» እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ማውንቱስ?»

ማውንት ቴሌስኮፑን የሚሸከመውና የሚያዞረው ክፍል ነው። ኮምፒውተር ያለው ማውንት ሞተር አለው። ከዝርዝሩ ሳተርንን ስትመርጡ ራሱ ዞሮ ያገኘዋል። ካገኘው በኋላም ይከተለዋል። ይህ ዓይነቱ «ጎ-ቱ» ይባላል። መከተሉን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ምድር ስለምትዞር ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይሄዳል። ቴሌስኮፑ 200 ጊዜ አጉልቶ ሲያሳይ በዓይን መነጽሩ (ዓይናችሁን በምታስጠጉበት የቴሌስኮፑ ሌንስ) ውስጥ የሚታየው ሰማይ ብዙ ጊዜ ሩብ ዲግሪ ብቻ ነው። ማውንቱ ካልተከተለ ሳተርን በ1 ደቂቃ ውስጥ ከአንዱ ዳር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ልጅ፣ እናት፣ ጎረቤት ተሰልፎ ለሚያይበት ግቢ 1 ደቂቃ አይበቃም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስለ ማውንት የሚጻፈውና በቪዲዮ የሚቀርበው ምክር አብዛኛው የሚመጣው አውሮፓና አሜሪካ ካሉ ሰዎች ነው። እነሱ ከምድር ወገብ 40 እና 50 ዲግሪ ርቀው ነው ያሉት። ምክራቸው ለእነሱ ሰማይ ትክክል ነው። እኛ ግን 9 ዲግሪ ላይ ነን። ማውንት ስትመርጡ ከዋጋውም ከዝናውም በፊት ይህቺን ቁጥር ያዙ።

መጀመሪያ፦ 9 ዲግሪ ምን እንደሚለውጥ ይግባችሁ

የሰሜን ኮከብ፣ ማለትም ፖላሪስ፣ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከቆማችሁበት ቦታ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ለንደን ያለ ሰው 51 ዲግሪ ላይ ያየዋል። እኛ ጋ 9 ዲግሪ ላይ ነው። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ጡጫ ጨብጡ። የጡጫችሁ ስፋት 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ፖላሪስ እንግዲህ ከአድማስ አንድ ጡጫ እንኳ አይሞላም። አንድ ባሕር ዛፍ ይበቃዋል፤ ይጋርደዋል። ከከተማው ሰሜናዊ ሰፈሮች ደግሞ እንጦጦ ራሱ ሊከልለው ይችላል። ከአቃቂ በኩል የሚያይ ሰው የከተማው መብራት ልክ በፖላሪስ አቅጣጫ ይሆንበታል። ባይጋረድ እንኳ ብርሃኑ በአየር ውስጥ የሚያቋርጠው መንገድ አናት ላይ ካለ ኮከብ ወደ 6 እጥፍ ይረዝማል። ስለዚህ ደብዝዞና ተንቀጥቅጦ ነው የሚታየው።

ብዙ ማውንቶች ደግሞ ሥራቸውን የሚጀምሩት ፖላሪስን ከማየት ነው።

ሁለተኛው ለውጥ አናታችን ላይ ነው። 9 ዲግሪ ላይ ስላለን የፕላኔቶቹ መንገድ በአናታችን አካባቢ ያልፋል። በደመራ ምሽት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ብታዩ እዚያ ያለው ደማቅ ኮከብ አልታይር ነው። አናት ላይ ሲባል እንዲያው ለአባባል አይደለም፤ ትክክለኛው አናት ላይ ነው። የኦሪዮን ኔቡላም (የጋዝና የአቧራ ደመና ነው) ከአናታችን 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ያልፋል። አውሮፓዊው ተመልካች ኦሪዮንን ከዛፍና ከጣሪያ በላይ ዝቅ ብሎ ሲያገኘው እኛ ቀና ብለን ነው የምናገኘው።

የሚያስቀና ሰማይ ነው ያለን። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ በሰሜን 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው ግዙፍ የኮከብ ክምችት በደቡብ 33 ዲግሪ ይደርሳል። የደቡብ መስቀልም 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል። ከአንድ ግቢ ሁለቱንም የሰማይ ግማሾች ማየት ለብዙ ሰው ሕልም ነው። ማውንታችን ይህን ሁሉ የሚደርስበት መሆን አለበት።

ቀጥሎ፦ በዓይን ነው የምታዩት ወይስ በካሜራ?

ይህን ሳትወስኑ ገንዘብ አታውጡ። በሐቅ መልሱት። ጨረቃን፣ የጁፒተርን ጨረቃዎች፣ የሳተርንን ቀለበት፣ የኮከብ ክምችቶችን በዓይናችሁ ማየት ከሆነ የምትፈልጉት፣ መንገዱ አጭር ነው። ደብዛዛ ኔቡላዎችን ለደቂቃዎች ካሜራ ከፍታችሁ መቅረጽ ከሆነ ግን ወጪውም፣ ክብደቱም፣ የምትማሩትም ነገር እጥፍ ድርብ ይሆናል።

ብዙ ጀማሪ «ሁለቱንም» ይላል። የእኔ ምክር፦ የመጀመሪያውን ዓመት በዓይን እዩ። ሰማዩን እወቁት። ካሜራው ይደርሳል።

የማውንት ዓይነት መምረጥ

*አልት-አዝ።* ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ ነው ያለው፤ ሽቅብ-ቁልቁልና ግራ-ቀኝ። ፖላሪስን ማየት አያስፈልገውም። ሁለት ደማቅ ኮከቦች አሳዩት፤ የቀረውን ኮምፒውተሩ ያሰላዋል። ሰሜን በኩል ኮንዶሚኒየም ቢኖር፣ ባሕር ዛፍ ቢኖር፣ ተራራ ቢኖር አይገደውም። ማመጣጠኛ ብረትም የማይፈልገው ይበዛል። በዓይን ለሚያይ የአዲስ አበባ ዳር ሰው የምመክረው ይህንን ነው፤ ሳላወላውል።

በዚህ ወገን የታወቁት የሴለስትሮን ኔክስታር ተከታታዮችና የስካይ-ዋቸር ኤዜድ-ጂቲአይ ናቸው። ኤዜድ-ጂቲአይ ትንሽ ነው፤ ጭንቅላቱ 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ የሚሸከመው እስከ 5 ኪሎ ነው። በስልክ በዋይፋይ ይታዘዛል። በእጅ ገፋ አድርጋችሁ ብታዞሩትም አቅጣጫው አይጠፋበትም። በታክሲ ለሚጓዝ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው። ኔክስታር 6ኤስኢ 150 ሚሊ መስታወት ካለው ቴሌስኮፕ ጋር አብሮ ይመጣል። ሁሉም ተደምሮ 14 ኪሎ ገደማ ነው። ኔክስታር ኢቮሉሽን ደግሞ ባትሪው ውስጡ ነው፤ ዋይፋይም አለው። አቅም ካላችሁ መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር እሱን እመርጣለሁ።

አልት-አዝ አንድ ደካማ ጎን አለው፤ ለእኛ ደግሞ ይብሳል። ኮከቡ በትክክለኛው አናት ሲያልፍ አልት-አዝ ማውንት በደቂቃዎች ውስጥ ግማሽ ክብ መዞር ይኖርበታል። ስለዚህ ይዘገያል፣ ወይም ኮከቡ ከሥዕሉ ይወጣል። ረጅም ቴሌስኮፕ ሲሆን ደግሞ ኋላው ከማውንቱ መሠረት ጋር ሊጋጭ ይችላል። መፍትሔው ትዕግሥት ነው። አናት ላይ ያለ ነገር በ1 ሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚርቅ ቀድማችሁ ወይም ቆይታችሁ እዩት። ስትገዙም ቴሌስኮፑን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አቁሙትና ከኋላው ክፍተት መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

በአልት-አዝ ፎቶ አይነሳም ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ማውንቱ ኮከቡን ቢከተልም ሥዕሉ በራሱ ዙሪያ ቀስ እያለ ይዞራል። የሚዞርበት ፍጥነት ግን በየአቅጣጫው ይለያያል። ለእኛ ኬክሮስ ሲሰላ፣ የኦሪዮን ኔቡላ በደቡብ ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲሆን ሥዕሉ በደቂቃ 1 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ይህ ብዙ ነው። ያው ኔቡላ በምሥራቅ 45 ዲግሪ ላይ እያለ ግን የሚዞረው በደቂቃ አንድ አሥረኛ ዲግሪ ብቻ ነው። በአሥር እጥፍ ቀርፋፋ ማለት ነው። ለምድር ወገብ የቀረበ ሰው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ሲያነጣጥር ሰማዩ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎም ይወርዳል። ይህ የእኛ ጥቅም ነው፤ ተጠቀሙበት። 10 እና 15 ሰከንድ የሚፈጁ ብዙ ፎቶዎች አንስቶ በፕሮግራም መደራረብ በአልት-አዝም ይቻላል።

*ኢኳቶሪያል።* ይህኛው አንዱ ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ፣ ማለትም ሰማዩ ሁሉ ወደሚዞርበት ፖላሪስ አጠገብ ወዳለው ነጥብ፣ ይነጣጠራል። ዋልታውን ካገኘ በኋላ በአንድ ዘንግ ብቻ ዞሮ ሰማዩን ይከተላል። ሥዕሉ አይዞርም። ለረጅም ፎቶ የግድ የሚያስፈልገው ይህ ነው። እዚህ ላይ ግን ዘጠኝ ዲግሪያችን ሦስት ጣጣ ያመጣል።

የመጀመሪያው፣ ዘንጉ ወደ 9 ዲግሪ መውረድ መቻል አለበት። ሁሉም ማውንት አይወርድም። የገዛሁት የመጀመሪያ ኢኳቶሪያል ማውንት ከውጭ ሲመለስ ይዞት ከመጣ ሰው የተገዛ ነው። ሻጩ «የትም ይሠራል» ብሎኝ ነበር። ቤት ስደርስ ብሎኑ 15 ዲግሪ ላይ ቆመ። ሰሜናዊውን የትራይፖድ (የባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ) እግር አሳጥሬ 6 ዲግሪ ማዘንበል ነበረብኝ። ሠራ፤ ግን ነፋስ በመጣ ቁጥር ልቤ ይሰቀል ነበር። የማውንቱ መግለጫ ላይ «የኬክሮስ ክልል» የሚል ቁጥር አለ። ሌላውን ሁሉ ከማንበባችሁ በፊት እሱን አንብቡ። የሴለስትሮን ኤቪኤክስ ከ7 እስከ 77 ዲግሪ ነው። የስካይ-ዋቸር ኢኪው6-አር ከ5 እስከ 65 ነው። ሁለቱም ለእኛ ይሆናሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ከ9 በላይ ከሆነ ተዉት።

ሁለተኛው፣ ዘንጉ እንዲህ ሲተኛ ማመጣጠኛ ብረቱን የሚይዘው ዱላ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ከሰሜናዊው የትራይፖድ እግር ጋር ይጋጫል። 50 ዲግሪ ላይ ያለ ሰው ይህን ችግር አያውቀውም። በጭንቅላቱና በትራይፖዱ መሐል የሚገባ ማራዘሚያ ምሰሶ ይገላግላል። ወይም ጭንቅላቱ የሚቀመጥበት የአቅጣጫ ችካል የሚነቀል ከሆነ ትራይፖዱን አዙሩትና ሰሜን በሁለት እግሮች መሐል ይሁን።

ሦስተኛው ራሱ ፖላሪስ ነው። በዋልታ መመልከቻው (በዘንጉ ውስጥ ባለችው ትንሽ መነጽር) በኩል ለማየት መሬት ላይ መንበርከክ፣ አንዳንዴም መተኛት ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ ፖላሪስን ሳያይ ዋልታውን የሚያገኝበት ዘዴ ያለው ማውንት ምረጡ። ሴለስትሮኖቹ በማንኛውም ደማቅ ኮከብ ዋልታውን የሚያስተካክሉበት ሥርዓት አላቸው። ስካይ-ዋቸሮቹም በሲንስካን መቆጣጠሪያቸው ውስጥ ተመሳሳይ አላቸው። ካሜራና ላፕቶፕ ላለው ደግሞ ኒና በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሦስት ቦታ ፎቶ አንስቶ ስህተቱን የሚያሰላ መሣሪያ አለ። ሰሜኑ ቢጋረድም ይሠራል።

*ሃርሞኒክ።* አዲሶቹ ማውንቶች ናቸው። ጥርሳቸው ሌላ ዓይነት ስለሆነ ያለ ማመጣጠኛ ብረት ብዙ ይሸከማሉ። ዜድደብልዩኦ ኤኤም5 ራሱ 5 ኪሎ ሆኖ ያለ ማመጣጠኛ 13 ኪሎ፣ ከማመጣጠኛ ጋር 20 ኪሎ ይሸከማል። ብረቱ ከሌለ የሚጋጭ ዱላም የለም። እንደ አልት-አዝም መሥራት ይችላል። ለኬክሮሳችንም ለአውሮፕላን ሻንጣም ተስማሚ ነው። ሁለት ነገር ግን እወቁ። ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ለፎቶ ደግሞ ሁለተኛ ትንሽ ካሜራ ኮከብ እያየች ስታርመው ብቻ ነው በደንብ የሚከተለው።

ገንዘቡ ለዚህ ሁሉ ካልደረሰስ? ሞተር የሌለው ግን በስልክ የሚመራ ቴሌስኮፕ አለ። የሴለስትሮን ስታርሴንስ ኤክስፕሎረር ስልካችሁን ይይዝና በካሜራው ሰማዩን አንብቦ «ወደዚህ ግፋ» እያለ ቀስት ያሳያችኋል። ራሱ አይከተልም። ለተማሪ ግን ከሚወላገድ ርካሽ ጎ-ቱ በብዙ ይሻላል።

ክብደቱን በሚዛን እንጂ በግምት አታውቁትም

እያንዳንዱ ማውንት የሚሸከመው ተጽፎለታል። ያ ቁጥር ለዓይን እይታ ነው ብላችሁ ያዙ። ለፎቶ ከሆነ ግማሹን፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ጫኑ። ቴሌስኮፑን ብቻ አትመዝኑ። መፈለጊያው፣ ካሜራው፣ ቀለበቱ፣ ጤዛ መከላከያው፣ ገመዱ ሁሉ ክብደት ነው። የኩሽና ሚዛን ወይም የሰፈር ሱቅ ሚዛን ይበቃል።

የሱሉልታ ሜዳ ላይ ነፋስ አለ። በተለይ የካቲትና መጋቢት ላይ። ቀጭን ትራይፖድ ላይ የቆመ ቴሌስኮፕ በነፋስ ይንዘፈዘፋል፤ ኮምፒውተሩ ምንም ቢያውቅ አያድነውም። ስትፈትሹት ጫን አድርጋችሁ በጣት መታ አድርጉት። መንቀጥቀጡ በ2 እና 3 ሰከንድ ውስጥ ከቆመ ጥሩ ነው። 5 ሰከንድ ካለፈ ትራይፖዱ ደካማ ነው።

መቆጣጠሪያው፦ በእጅ ወይስ በስልክ?

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በገመድ የሚንጠለጠል የእጅ መቆጣጠሪያ ነው። ሌላው ስልክ ነው። በስልክ የሚሠሩት የራሳቸውን ዋይፋይ ስለሚፈጥሩ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። ኔትወርክ በሌለበት ሜዳም ይሠራሉ። አፑን ግን ከቤት ሳትወጡ አውርዱት፤ አንድ ጊዜም ከፍታችሁ ሞክሩት።

እኔ ሁለቱም ያለውን እመርጣለሁ። በብርድ ሌሊት የስልክ ባትሪ ቶሎ ያልቃል። ጓንት ለብሶ ስክሪን መንካትም ያስቸግራል። የእጅ መቆጣጠሪያ ቁልፍ በጓንትም ይጫናል።

የዝርዝሩ ብዛት አያማልላችሁ። 40,000 ነገር ያውቃል የሚል ማውንት ብዙ ነው። ከዚያ ውስጥ በአንድ ዓመት የምታዩት መቶ ቢሞላ ነው።

ኤሌክትሪክ

አብዛኞቹ በ12 ቮልት ይሠራሉ። አንዳንዶቹ 8 ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ይቀበላሉ፤ ለፍተሻ ካልሆነ አትመኩበት። ቮልቱ ሲወርድ ማውንቱ ዝም ብሎ አይጠፋም። መሳሳት ይጀምራል። ጁፒተር ስትሉት ባዶ ሰማይ ያሳያችኋል። ሰው ደግሞ ማውንቱ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል።

እዚህ በቀላሉ የሚገኘው መፍትሔ የዩፒኤስ ባትሪ ነው፤ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት። ሒሳቡ ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ስለዚህ 3.5 አምፒር-ሰዓት አላችሁ። ማውንቱ 1 አምፒር ከወሰደ 3 ሰዓት ተኩል ይቆያል። ጤዛ መከላከያ ማሞቂያ ካከላችሁ ከ2 ሰዓት በታች ይሆናል። ሌሊቱን ለሚያድር 20 አምፒር-ሰዓት ይሻላል።

ገመዱን የምታሠሩት ከሆነ የሶኬቱ መሐል ፖዘቲቭ ይሁን ወይስ ኔጋቲቭ፣ የማውንቱን መግለጫ አይታችሁ በቴስተር ለኩ። ብዙዎቹ መሐላቸው ፖዘቲቭ ነው። ተገልብጦ ከተሰካ ሰሌዳው ሊቃጠል ይችላል፤ ለሰሌዳው መለዋወጫ እዚህ አይገኝም። የመኪናችሁን ባትሪም አትጠቀሙ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሜዳ መሐል መኪና አልነሳም ሲል የሚደርስላችሁ የለም።

ወደ አገር ማስገባት

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጉምሩክ ሄዳችሁ ጠይቁ። የዕቃውን ሥዕልና መግለጫ ይዛችሁ ሂዱ። ቀረጡንም፣ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም እዚያው አጣሩ። ማጉያ ያለው ዕቃ ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ደረሰኙን አትጣሉ።

ሰው ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነ ክብደቱን አስቡለት። የአንድ ሻንጣ ልክ በብዛት 23 ኪሎ ነው። የኢኪው6-አር ጭንቅላት ብቻውን 17 ኪሎ ያልፋል። ትራይፖዱ ሌላ 7.5 ኪሎ ነው። ሁለቱ ማመጣጠኛ ብረቶች እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ናቸው። ብረቶቹን አታምጡ! ብረት ለመሸከም የአውሮፕላን ኪሎ መክፈል ያሳዝናል። መርካቶ ወይም አቅራቢያችሁ ያለ ቶርኖ ቤት ይሠራላችኋል። 13 ሴንቲ ስፋትና 5 ሴንቲ ውፍረት ያለው ክብ ብረት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የዱላውን ውፍረት በካሊፐር አስለኩ፤ መሐሉን ለዚያ ልክ ያስበሱት፤ ከጎኑ ማጥበቂያ ብሎን ያድርጉለት። ዱላው ጫፍ ላይ ያለውን መያዣ ብሎን ደግሞ መቼም አትርሱት። እግር ላይ የወደቀ 5 ኪሎ ብረት አጥንት ይሰብራል።

ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ፈትሹ

ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ባትሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱንም ዘንግ በሙሉ ፍጥነት ወደ ሁለቱም አቅጣጫ አዙሩ። ድምፁ እኩል መሆን አለበት። የሚንቋቋ ወይም መሐል ላይ የሚያመነታ ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል። ከዚያ አጥፉትና ጫፉን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወዝውዙት። ትንሽ ልቅነት ያለ ነው። ቋ ቋ ካለ ግን ዋጋ አስቀንሱ ወይም ተዉት።

ኢኳቶሪያል ከሆነ የስልካችሁን ዲግሪ መለኪያ አፕ ዘንጉ ላይ አስቀምጡና 9 ዲግሪ ላይ አውርዱት። ብረቱን ሰክታችሁ ሙሉ ዙር አዙሩት። እግሩን ነካ? እንግዲህ የማራዘሚያውን ምሰሶ ዋጋ ከአሁኑ ደምሩበት።

የመጀመሪያው ምሽት፦ ሰዓቱ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። እዚህ አገር ጎ-ቱ «አልሠራም አለ» ሲባል መጀመሪያ የምጠረጥረው ሰዓቱን ነው።

ማውንቱ የኢትዮጵያን ሰዓትና ዘመን አያውቅም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ከሆነ 20:30 ብላችሁ ነው የምታስገቡት። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ላለው 18 ደምሩ። እኩለ ሌሊት፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ 00:00 ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ 6 ቀንሱ። በ6 ሰዓት ከተሳሳታችሁ ሰማዩ በ90 ዲግሪ ይዞርበታል። ገና ያልወጣ ኮከብ «አሳየኝ» ብሎ መሬት ላይ ያነጣጥራል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 20 ቀን 2018 ከሆነ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 30 ቀን 2025 ነው። ብዙ መቆጣጠሪያዎች ወሩን ያስቀድማሉ፤ 10/30/2025። እኛ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ይመስለናል። ለማውንቱ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ አዲስ ቀን ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ካስነሳችሁት አንድ ቀን ጨምሩ።

የሰዓት ክልሉ +3 ነው። የበጋ ሰዓት የሚለው ጥያቄ ሲመጣ «የለም» በሉት። ኬክሮስ 9 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ ሰሜን፣ ኬንትሮስ 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ምሥራቅ ብትሉ ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ ይበቃል። «ምሥራቅ» የሚለውን አስተውሉ። ምዕራብ ብሎ የሚጠብቃችሁ መቆጣጠሪያ አለ።

በስልክ የሚሠራ ማውንት ሰዓቱንና ቦታውን ከስልኩ ይወስዳል። ግን ስልካችሁን በእጃችሁ ወደ አበሻ ሰዓት ያዞራችሁ ከሆነ ያው ስህተት ይመጣል። ያንን ምሽት ወደ ነበረበት መልሱት።

አሁን ትራይፖዱን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ሁለት ኮከብ ምረጡ። አናት ላይ ያለውን ተዉት፤ አድማስ ላይ ያለውንም ተዉት። ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ከፍታ ያለው ጥሩ ነው። ሁለቱ በሰማዩ የተለያየ ወገን ይሁኑ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ቬጋ በሰሜን ምዕራብ፣ ፎማልሃውት በደቡብ አለላችሁ። ጥር ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ካፔላ በሰሜን፣ ሲሪየስ በደቡብ ምሥራቅ ይመቻሉ። ስማቸውን የማታውቁ ከሆነ ሴለስትሮኖቹ ሦስት ደማቅ ነገር ብቻ አሳዩኝ የሚል ዘዴ አላቸው። ከሦስቱ አንዱ ጁፒተር ቢሆንም ችግር የለውም።

ኮከቡን መሐል ስታመጡ የመጨረሻዋን እንቅስቃሴ ሁሌም በአንድ አቅጣጫ ጨርሱ፤ ለምሳሌ ሽቅብና ወደ ቀኝ። በጥርሶቹ መሐል ያለውን ልቅነት ያጠፋል። በትንሿ ልማድ ትልቅ ልዩነት ታገኛላችሁ።

ከዚያ አንድ ፕላኔት ምረጡና 1 ሰዓት ተዉት። ተመልሳችሁ ስታዩ በዓይን መነጽሩ ውስጥ ካለ ማውንታችሁ ጤነኛ ነው።

ስለ ጎረቤት

ሌሊት ሜዳ ላይ ባለ ሦስት እግር ነገር ተክሎ የሚቆም ሰው ያስጠረጥራል። ቢጠረጥሩም አይፈረድባቸውም። ከመጀመሪያው ምሽት በፊት ለቀበሌውና ለአካባቢው ጥበቃ ተናገሩ። ጎረቤቶቻችሁን በጨረቃ ምሽት ጥሩ፤ ቡና አፍሉ። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ጨረቃን ካዩ በኋላ ዓይናቸውን ከመነጽሩ ለረጅም ጊዜ አላነሱም። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ገደል ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ውሻ ሲጮህ ቀድመው የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ጅብ ካለበት አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ብቻችሁን አትውጡ፤ ከግቢ አጥር ውስጥ ይሻላል።

ብቻችሁን መማር ከከበዳችሁ በ2004 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ አለ። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ያንን ጉልላት አንድ ቀን ሄዶ ማየት ለልጆችም ለራሳችሁም ጥሩ ነው።

ክረምት ሲገባ

ሰኔ ላይ ዕቃው ይገባል። በመጀመሪያ የእጅ ባትሪ ድንጋዮቹን አውጡ፤ ፈሳሻቸው ከወጣ መገናኛውን ይበላዋል። ማውንቱን ጤዛ ይዞት ከገባ ሽፋኑ ሳይዘጋ ቤት ውስጥ ይደር፤ ሲደርቅ ነው ሻንጣ የሚገባው። እርጥበት የሚመጥጡትን ትንንሽ ከረጢቶች ከጫማና ከመድኃኒት ካርቶን አጠራቅሙና አብራችሁ ክተቱ። ባትሪውን በየወሩ ቻርጅ አድርጉ። ማውንቱንም በወር አንዴ አውጥታችሁ ሁለቱን ዘንግ ሙሉ ዙር አዙሩት። እንዲህ ከሆነ መስከረም ላይ ሳይያዝ ይነሳል።